ባዶውን ቤት ማሞቅ

መሪው ለዕረፍት ይመጡበታል ተብሎ የተሠራው የገጠር ቤት እስከ ዛሬ አንድም ሰው አላደረበትም። ቢሆንም «ድንገት ቢመጡስ?» እየተባለ አንሶላው በየቀኑ ይቀየራል፤ በመኝታ ቤቱ ምድጃም እሳት ይነድዳል። አንሶላ ቀያሪዋም እሳት አንዳጇም አንዲት የቤቱ ሠራተኛ ነበረች።

የሷ ልጅ ግን ከጓሮ፣ ግድግዳው ላብ በሚያወጣው የሠራተኞች ክፍል ውስጥ ደረቷ ሲር ሲር እያለ ትተኛለች። እዚያም ምድጃ ነበር። የቤቱ ኃላፊ «ጭሱ ከመሪው መስኮት ይታያል» ብሎ አስነቀለው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ የልጅቷን መድኃኒት ስትሰጣት፣ «ከዚያ እርጥበት ካላወጣሻት ይሄ ብቻውን አያድናትም» ብላታለች። ኃላፊውን አንድ ደረቅ ክፍል ብትለምነው፣ «ደንብ ነው» አላት።

ያን ቀን ከሰዓት ልጅቷን ሳሉ ትንፋሽ አሳጣት። እናት አይደለች? ክፉ ክፉው ሁሉ ታያት፤ ሬሳዋ ሳይቀር ታያት። ቆሽቷ አረረ። ልጇን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ በዋናው በር ገብታ፣ የመሪው አልጋ ላይ አስተኛቻት።

ኃላፊው ሲደርስ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ።

«ጨርቅሽን ጥለሻል እንዴ? የመሪው አልጋ ላይ!»

«መሪው መቼ ያውቁታል?»

«አሁን ከች ቢሉ ምን ልበላቸው?»

«ባዶ ቤት ስናሞቅ ከርመን ዛሬ ሰው አሞቅን ይበሏቸው!»

«አንሺያት! ዘበኞቹን እጠራለሁ።»

«እርስዎ ያንሷት። እጅዎ ከቻለ።»

እጁን ዘረጋ። ልጅቷ ስትስል ሰበሰበው፤ ዘበኞቹን ሊጠራም ወጣ። ይሄኔ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ይደበደብ ጀመር። ኃላፊው መጀመሪያ አንባረቀ። «ሰብረን እንገባለን!» አለ። ያንን በር ማን እንዳስመጣው፣ ቢሰበር ማን እንደሚጠየቅ ትዝ ሲለው ነው መሰል ድምፁ ለሰለሰ።

«እህቴ፣ በናትሽ ክፈቺ። እኔም እኮ የልጆች አባት ነኝ፤ ጉድ አታድርጊኝ።»

የልጆች አባት! ምድጃውን ሲያስነቅል የት ሄዶ ነበር አባትነቱ? ደሟ ፈላ። ዞር ብላ አልጋውን አየች። ልጅቷ አፏን ከፈት አድርጋ ተኝታለች፤ ትንፋሿ ገና ሻካራ ቢሆንም አይቆራረጥም።

አፏን ወደ ቁልፉ ቀዳዳ አስጠጋች።

«ቀስ በል አንተ፤ ልጄን ትቀሰቅሳታለህ።»