ለአራቱ የብርሃን መንገዶች የሚሆን ማጉያ

«ያንቺ ማጉያ ቢመረጥ የምትደሰቺው በማጉያው ነው ወይስ በሪትሱኮ መሸነፍ?» አሉ ኢናባ ሳን፣ ሶባ የተባለውን ኑድል መረቅ ፉት እያሉ። ሺሆ ኩራሞቺ የራሷን ኑድል ማማሰል ያዘች። አለቃዋ ሳቅ ብለው ወደ ሳህናቸው ተመለሱ።

ዮኮሃማ ያለው ቤተ ሙከራቸው ከባሕር በታች ለሚዘረጋ ኬብል ማጉያ ሊመርጥ ነው። በኬብሉ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ የመስታወት ክር እንደ ድሮው አንድ ሳይሆን አራት የብርሃን መንገድ አለው። ብርሃን በረጅም ጉዞ ስለሚደክም በየመሃሉ የሚያበረታው ማጉያ ያስፈልጋል። ሺሆ በንድፏ ለእያንዳንዱ መንገድ የራሱን ጉልበት ትሰጠዋለች። ታናሽ ባልደረባዋ ሪትሱኮ ደግሞ በክሩ ሙሉ አካል ላይ አንድ ኃይለኛ ብርሃን ለቃ አራቱንም በአንዴ ታበረታለች።

«ይቺ ልጅ ሻይ ስትቀዳም ለሁላችን በአንዴ ነው» ይላሉ ኢናባ ሳን። ክፍሉ ይስቃል፤ ሺሆን ሳቁ ያንገበግባታል። የተቆረጠ ክር እንዴት እንደሚገጠም ለሪትሱኮ እጇን ይዛ ያሳየቻት እሷ ናት። አሁን እንግዳ ሲመጣ የሚጠራው የሪትሱኮ ስም ነው። ደግሞም ሪትሱኮ ቤት የሚጠብቃት ልጅ የላትም፤ የፈለገችውን ያህል ታመሻለች። የሺሆ ልጅ ሚዮ የዋና ውድድሯን የጨረሰችው እናቷ እዚህ ማጉያ ስትለካ ነው። ንድፉ የተመረጠለት ሰው ቡድኑን ይመራል፤ ይህ ካመለጣት ሌላ ዕድል የሚመጣ አልመሰላትም።

በመሥሪያ ቤቱ ወግ ስብሰባ ላይ ክርክር አይነሳም። ሐሳብ ያለው ሰው አስቀድሞ በየጠረጴዛው ዞሮ ቀስ ብሎ ያስረዳል፣ ቅሬታም ካለ ይሰማል። ሺሆም ዞረች።

«ከባሕሩ ዳርቻ ወደ ኬብሉ የሚላከው ኤሌክትሪክ ውስን ነው» አለች ለኃይል ክፍሉ ኃላፊ። «የሪትሱኮ ብርሃን አብዛኛው ከመንገዶቹ ውጭ ይባክናል።» እውነቷን ነበር።

«እሷስ ምን አለች?»

«ታውቃለች» አለች ሺሆ፤ የሪትሱኮን ጠረጴዛ ግን ሳትቆም አልፋው ነበር።

በስብሰባው የሺሆ ንድፍ ሲቀርብ ሁሉም በአንድ ልብ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ሪትሱኮ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች። ሳይነገራት የቀረችው እሷ ብቻ እንደሆነች ገባት። ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችና ወጣች።

ሺሆ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባት። «ተቀየምሽኝ?»

«አይ ብል ያምኑኛል?» አለች ሪትሱኮ። «ኩራሞቺ ሳን፣ የእኔው ንድፍ መንገዶቹ ሲበዙ እንጂ ለአራት አያዋጣም። ስለካው ደረስኩበት። ዛሬ የመጣሁት የእርስዎ ይመረጥ ለማለት ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሲዞሩ አይቼዎታለሁ። ተራዬ እስኪደርስ እየጠበቅኩ ነበር።»

ሺሆ ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፤ ሊፍቱ ግን ደርሶ ሪትሱኮ ገብታ ነበር።

በሚያዝያ አዲሱ የሥራ ዓመት ሲጀመር ሪትሱኮ ኪዩሹ ደሴት ወዳለ ሌላ ቤተ ሙከራ ሄደች። ሺሆ ቡድኑን እየመራች ዮኮሃማ ቀረች።