ሁለተኛ ምስክር

ዜድ የለችም፣ ከላይ የለችም፣ መሃል ላይም የለችም፣ በኦሮምኛው ፊደል፣ በቁቤ፣ ዜድ ብዙ አትገኝም፣ ለዚህ ነው ስሜን ቶሎ የማገኘው፣ ዓይኔ ሌላውን ፊደል ሁሉ ትቶ ዜድን ነው የሚፈልገው፣ ዙሀይራ፣ እዚህ የቤቱ ውል ላይ ግን ገዢ የሚለው ጋ ዜድ የለችም፣ ኤም ናት ያለችው፣ ኤም፣ ኤ፣ አር፣ መ፣ ሪ፣ የም። መሪየም። አማቴ።

እንደገና ከላይ ልጀምር፣ ዘልዬ ይሆናል፣ ሁለት ዓመት የጎልማሶች ትምህርት የተማረ ሰው ሲቸኩል መስመር ይዘላል፣ ጣቴን ከስር እያስኬድኩ፣ ሻጭ፣ አቶ ክብሩ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው፣ እሱ ልክ ነው፣ ዝውውር ደርሶት ነገ ወደ አገሩ ይሄዳል፣ ገዢ፣ መሪየም፣ ልክ አይደለም፣ ቤቱ፣ ሮቤ፣ ሁለት ክፍል፣ የካርታ ቁጥር፣ ግልብጥ፣ ሁለተኛው ገጽ፣ እታች፣ እጥግ ላይ፣ ዜድ! አልሐምዱሊላህ፣ አለሁ። ከስሜ በላይ ያለው ምንድን ነው፣ ራ፣ ጋ፣ ራጋ። ራጋ ማለት ምስክር ነው። ሁለተኛ ምስክር፣ ዙሀይራ።

ለገዛ ቤቴ ምስክር።

ኢፍቱ ጡቴን ነከሰችኝ፣ ስምንት ወሯ ነው፣ ጥርስ አብቅላለች፣ ቆይ እናቴ፣ ቆይ፣ የውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤቱ ኮሪደር ብርድ በአግዳሚው በኩል ይገባኛል፣ አብዱልመሊክ በር ላይ ከደላላው ከኢታና ጋር ቆሞ ይስቃል፣ ባሌ ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ እወደው ነበር፣ እወደዋለሁ፣ ና እስቲ፣ ና፣ ስሜ ለምን እዚህ ሆነ? ይመጣል፣ ጎንበስ ይላል፣ ዙሁ፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ ድምፅሽን ቀንሺ፣ የማኅበር ቦታ ልንመራ ተመዝግበን የለም? በስሜም በስምሽም ቤት ከተገኘ ከዝርዝሩ ይሰርዙናል፣ ለጊዜው በአዮ፣ በእናቴ ስም ይዙር፣ ስም ብቻ እኮ ነው፣ የምንኖርበት እኛ። ታዲያ እቤት ሳለን ለምን አልነገርከኝም? ብነግርሽ ትጨቃጨቂያለሽ። ምስክርነቱስ? ጓደኛዬ ቱፋ ነበር የሚመሰክረው፣ ወደ ሼክ ሁሴን መቃብር ለዚያራ ሄዶ ቀረ፣ ዛሬ ካላለቀ አቶ ክብሩ ለሌላ ሸጦ ይሄዳል፣ ጠዋት መታወቂያሽን የወሰድኩት ለዚህ ነው፣ ለጸሐፊው፣ አይዞሽ፣ ስትጠሪ መፈረም ብቻ፣ ዝምድና ከጠየቁሽ ደግሞ፣ ዘመድ አይቀበሉም፣ ጎረቤት ነኝ በይ።

ጎረቤት። የማን ጎረቤት?

ልክ ሊሆን ይችላል። የማኅበር ቦታ በቀላሉ አይገኝም፣ ሰው በእናቱ ስም፣ በአጎቱ ስም ያደርጋል፣ ሰምቻለሁ፣ አብዱልመሊክ ክፉ ሰው አይደለም፣ ኢፍቱን ስወልድ ጎባ ሆስፒታል ድረስ እጄን ይዞ የሄደ ሰው ነው፣ ክፉ አይደለም፣ አዮም ክፉ አይደሉም፣ ያን ሁሉ ቅቤ ተሸክመው መጥተው አርባ ቀን ያረሱኝ እሳቸው ናቸው። ታዲያ ምን ይቆጨኛል? ለዚህ ቤት የተሸጠው ወርቅ የእኔ ነበር፣ ለኒካህ የተሰጠኝ መህሬ፣ ጎባ ወርቅ ቤቱ ውስጥ ከጆሮዬ ሳወልቀው ሰውየው መስታወት አቀበለኝ፣ ምን ላይበት? በስማችን ነው አለኝ ባሌ፣ በሁለታችን ስም፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ጎባን ሳንወጣ። በአምስት ዓመት አራት ኪራይ ቤት፣ አንዷ አከራይ ውሃ ስቀዳ ጀሪካን ትቆጥርብኝ ነበር፣ አንዷ የልጅ ጨርቅ ግቢዬ ውስጥ አይሰጣም አለች፣ እርጥቡን ክፍል ውስጥ አሰጣ ነበር፣ ልጄ እዚያ ነው ሳል የያዛት።

አዮ አጠገቤ ናቸው፣ ሙስበሃቸው፣ መቁጠሪያቸው፣ ከእጃቸው አይለይም፣ አሁን ግን ስልክ ጆሯቸው ላይ ነው፣ ደሎ መና ካለችው ከትልቋ ልጃቸው ጋር ያወራሉ፣ ጆሮ ስለሚከብዳቸው ይጮኻሉ፣ አዎ፣ ዛሬ ነው፣ ወንድምሽ ቤት ገዛልኝ፣ አላህ ይስጠው፣ ሁለት ክፍል ነው፣ አንዱ ያንቺ ነው፣ ልጆችሽን ይዘሽ ነይ።

ገዛልኝ።

ለእሳቸው ለጊዜው ነው አላላቸውም። ለእኔ ሌላ፣ ለእናቱ ሌላ፣ ለጽሕፈት ቤቱ ሌላ፣ አንድ አፍ ሦስት ነገር፣ እና ነገ፣ አላህ ዕድሜ ይስጣቸው፣ ነገ አዮ ቢሞቱ ልጆቻቸው ስድስት ናቸው፣ ቤቱ ለስድስት ይከፋፈላል፣ እኔ የት ነኝ? ወረቀቱን ያወጡታል፣ ይኸው ፊርማሽ ይሉኛል፣ አንቺው መስክረሽ የለም?

ገዢ፣ ሻጭ፣ ምስክሮች፣ ግቡ!

እንገባለን፣ አብዱልመሊክም እናቱን ደግፎ ይገባል። ኃላፊዋ ወይዘሪት ፍቅርአዲስ ትባላለች፣ ወጣት ናት፣ በእኔ ዕድሜ፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ማህተሙን በእጇ ታሞቀዋለች፣ አቶ ክብሩ ይፈርማል፣ አዮ አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነክረው ይጫናሉ፣ ቢስሚላህ ይላሉ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ነይ ተጠጊ ይሉኛል፣ ይስቁልኛል፣ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸው፣ በዕድሜያቸው የራሴ የሚሉት ቤት ኖሯቸው አያውቅም፣ ያ ረቢ፣ እኚህን ሴትዮ እንዴት ብዬ።

ኢፍቱ አባቷን አየችው። እጆቿን ዘርግታ ወደ እሱ ትወረወራለች፣ እይዛታለሁ፣ ትወረወራለች፣ እሱ ግድግዳ ያያል፣ የገዛ ልጁን ትቶ ግድግዳ። ፍቅርአዲስ ሳቀች፣ ሕፃኗ ወደደችህ እኮ! ኢታና ቀደም ብሎ፣ የጎረቤት ልጅ አይደለች፣ የእሱን ከረሜላ ለምዳ ነው። በምን ጥርሷ፣ አለች ፍቅርአዲስ፣ ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ለምን ሳቅኩ?

የምስክሮች ቃል ታነባለች፣ ገዢዋ ወይዘሮ መሪየም ዋጋውን ከራሳቸው አውጥተው ለሻጭ ሲከፍሉ አይተናል፣ ልክ ነው? ኢታና፣ ልክ ነው፣ በዓይኔ በብረቱ። ፈረመ፣ እስኪርቢቶውን ለእኔ። እጄ ስሜን መጻፍ ያውቃል፣ አብዱልመሊክ ነው ደብተር የገዛልኝ፣ ሚስቴ ትፈርማለች እያለ ለሰው ያወራ ነበር፣ መለቴሲ ይለኛል አሁን ከኋላዬ፣ ፈርሚ፣ በሹክሹክታ፣ ትንፋሹ አንገቴ ላይ። ዑስታዙ ለሴቶች ሲያስተምሩ ምን አሉ፣ የሐሰት ምስክርነት ከትልልቆቹ ወንጀል ነው አሉ፣ ቤት የሌለው ሰው ቤት ይከራያል፣ ይሄን ወንጀል ግን ማን ይከራይልኛል። ብፈርም ቤት አለ፣ በሰው ስም። ባልፈርም አቶ ክብሩ ይሄዳል፣ ቤቱ ይሄዳል፣ ባሌም ምናልባት።

እህቴ፣ ምስክር፣ አንቺስ አይተሻል? ገዢዋስ ምንሽ ናቸው?

አላየሁም።

ማን ነው ያለው? እኔ ነኝ? ምን አልሽ አለች ፍቅርአዲስ፣ ለአዮም እንዲሰማ ጮክ አልኩ፣ አላየሁም፣ አዮ ሲከፍሉ አላየሁም፣ ያየሁት ወርቄ ሲሸጥ ነው፣ ጎረቤት አይደለሁም፣ ምራታቸው ነኝ፣ የእሱ ሚስት፣ ይቺም ልጁ ናት። ኢታና ያስላል። የአዮ ሙስበሃ ቆመ፣ አብዱልመሊክ፣ አሉት ልጃቸውን፣ ያቺን አንዲቷን ስም ብቻ፣ እንደዚህ ሲጠሩት ሰምቼ አላውቅም። አቶ ክብሩ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እኔ እንግዲህ የሚገዛኝን አንድ ሰው ብቻ ንገሩኝ።

ሚስቱ ከሆንሽ የጋብቻ ማስረጃ አላችሁ? አለች ፍቅርአዲስ። እቤት ነው፣ ይላል ባሌ ቶሎ ብሎ፣ እቤት ነው የቀረው። እቤት አይደለም። ገዢ ነኝ ብዬ ነው የመጣሁት እኮ፣ ባልና ሚስት ሲገዙ ይጠየቃል ብለውኝ ከሸሪዓ ፍርድ ቤት የወሰድነውን የኒካህ ወረቀት በፌስታል ጠቅልዬ ከልጄ ጨርቅ ሥር ይዤዋለሁ፣ አንድ እጄ ልጅ ይዟል፣ በአንዱ እፈታለሁ፣ ቋጠሮው እንቢ አለ፣ በጥርሴ፣ ፈታሁት፣ እርጥበት ነክቶት ጥጉ ጠቁሯል፣ ስማችን ግን ይነበባል፣ የእሱም የእኔም፣ ጎን ለጎን፣ ውሉ ላይ አስቀመጥኩት፣ ወደ እሱ አላይም፣ ዞሬ አላይም፣ እሷ ወረቀቱን አንስታዋለች፣ እያነበበች ነው፣ ታንብብ።