ስልሳ አራት ምርጊት

ማስተዋል ከባጃጁ እንደወረደች ባለችበት ቆመች። ትናንት ስንጥቃቸውን በጣቷ የዳሰሰቻቸው አስራ አንድ ቤቶች ዛሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዲስ ተመርገዋል። ጭቃው ገና እርጥብ ነው፤ የእበቱ ሽታ መንገዱ ድረስ ይመጣል።

ከጎንደር የመጣችው መተማ ዮሐንስ ውስጥ ያሉትን አሮጌ ቤቶች ለክታ ለመመዝገብ ነበር። ወደ ሱዳኗ ገላባት በሚያሻግረው መንገድ ዳር ያሉት እነዚህ ጣሪያቸው ሳይቀር ጭቃ የሆነ ቤቶች መዝገቡ ውስጥ ከገቡ ይቆያሉ። ካልገቡ ይፈርሱና ቦታቸው የከባድ መኪና ማቆሚያ ይሆናል። የቅጹ ሰባተኛ ተራ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ግድግዳው ከአምስት ዓመት ወዲህ የታደሰ ቤት አይመዘገብም።»

ወይዘሮ ውባንች እስከ ክርናቸው ጭቃ እንደሆኑ ከደጃፋቸው ብቅ አሉ።

«ነይ፣ የኔ ልጅ። ቤታችን ተሰነጣጥቆ አይታ ሄደች እንዳይባል ሌሊቱን ስንመርግ አደርን። በየዓመቱ በግንቦት መጨረሻ ነበር የምንመርገው፤ ላንች ብለን አፈጠንነው።»

ማስተዋል እርጥቡን ግድግዳ ቀረብ ብላ አየችው። ለቤቶቹ እርጅና ስንጥቁ ነበር ማስረጃዋ።

ይህን ጊዜ የምዝገባ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ አለምሰገድ ስልኩን ደቅኖ እርጥቡን ግድግዳ ፎቶ እያነሳ መጣ። ቦታው ለመኪና ማቆሚያው እንዲለቀቅ ይፈልግ ነበርና ደስታውን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረም።

«አዲስ ነው፤ አንችም በዓይንሽ አየሽው» አላት። «አስራ አንዱንም ‹ታድሷል› ብለሽ ፈርሚና እስከ አስር ሰዓት አድርሽልኝ።»

«ግድግዳውን ሳላይ አልፈርምም።»

«ይኸው ቆሞልሻል፤ እይዋ።»

ማስተዋል ከወይዘሮ ውባንች ቢላዋ ለመነች። ከበሩ መቃን አጠገብ፣ ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ አራት ማዕዘን ለክታ ምርጊቱን እስከ ጭቃ ጡቡ ድረስ ቆርጣ አነሳችው። ውፍረቱ ስንዝር ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። የተቆረጠው ጎን ከዳር እስከ ዳር መስመር በመስመር ነው፦ አንዱ እንደ ዋልካ ጥቁር፣ አንዱ እንደ ኩይሳ አፈር ቀይ፣ በየመሃሉ የሰሊጥ ገለባ። ማጉያ መነጽሯን አውጥታ በመርፌ ጫፍ እየነካች ቆጠረች። ሦስት ጊዜ ቆጠረች። ሦስቱንም ጊዜ ስልሳ አራት ሆነ።

ሁለት ቦታ ላይ ግን ዝናብ የበላው፣ ሸካራ፣ ነጣ ያለ መስመር አገኘች። አንደኛው ከላይ ሲቆጠር ከአስራ አንደኛው ምርጊት ሥር ነው፤ ሁለተኛው ከሃያ ስምንተኛው ሥር። ሁለቱን ቁጥሮች ማስታወሻዋ ላይ ጽፋ ደብተሩን ዘጋች። ከዚያ በኋላ ነው የጠየቀችው።

«እትየ ውባንች፣ ይህ የነጣው ምንድን ነው?»

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው አዩት። «ያልተመረገበት ዓመት ነዋ። ሐዘን የገባበት ቤት በዚያ ዓመት አይመረግም። ይኸኛው የባሌ ነው።»

«ካረፉ ስንት ዓመታቸው?»

«ዘንድሮ አስራ አንድ።»

«የታችኛውስ?»

«የአማቴ። ልጄን አንዱአምላክን ያረገዝሁበት ዓመት ነበር፤ እሱ ሃያ ዘጠኝ ሊሞላው ነው።»

ማስተዋል ደብተሯን ከፈተች። ለባል አስራ አንድ። ለአማት ሃያ ስምንት ምርጊትና አንድ የሐዘን ዓመት፣ ሃያ ዘጠኝ። ሁለቱም ገጠመ። ስልሳ አራት ምርጊትና ሁለት የሐዘን ዓመት፣ ስልሳ ስድስት ዓመት ሆነ። ቅጹ የሚጠይቀው ሃምሳ ነው።

«አቶ አለምሰገድ፣ ይህ አልታደሰም» አለች። «ስልሳ ስድስት ዓመት ተጠበቀ። እኛ ‹ቅርስ እንጠብቅ› ብለን ቅጽ ሳናሳትም እነዚህ ሰዎች በእጃቸው ሲጠብቁት ኖሩ። ባይመርጉት ኖሮ እኮ በሦስት ክረምት አፈር ይሆን ነበር። እርስዎ የሚቀጧቸው ስለጠበቁት ነው።»

«ቅጹ ላይ የምርጊት ቁጥር የሚባል ቦታ የለም።»

«ቅጹን የጻፈው ሰው ጭቃ ቤት አይቶ አያውቅማ።»

«አንች ካልፈረምሽ የሚፈርም አላጣም» አለ፤ ፊቱ ጠቁሮ። ወደ አሮጊቷ ዞረ። «እማማ፣ ያን ቀዳዳ አሁኑኑ ይድፈኑት። ሌላ ባለሙያ አመጣለሁ፤ የተበላሸ ግድግዳ እንዳያይ።»

ወይዘሮ ውባንች እጃቸው ላይ የደረቀውን ጭቃ ቀስ ብለው ፈረፈሩት።

«አልደፍነውም።»

«ለእንግዳ ሲባል ሌሊቱን ሲመርጉ ያደሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ሌሊት እንግዳ ነበር የምጠብቅ። አሁን ሐዘን ላይ ነኝ።»

«ማን ሞተብዎት?»

«ገና አልሞተም» አሉ፤ ግድግዳውን መታ መታ እያደረጉ። «አንተ ግን ጉድጓዱን ቆፍረህ ጨርሰሃል። ሐዘን ላይ ደግሞ አይመረግም። ከፈለግህ ሌላ ባለሙያህን አምጣው፤ ከነቀዳዳው ያግኘው፤ እኔም ቁጭ ብዬ አስቆጥረዋለሁ።»

አሰበች የምትባለው ጎረቤታቸው ከአጥሯ ማዶ ቆማ ስትሰማ ነበር። ወደ ቤቷ ገባች፤ ቢላዋ ይዛም ወጣች። ከበሯ መቃን አጠገብ ገና ባልደረቀው ምርጊት ላይ ጫፉን ተከለችና ወደ ማስተዋል ዞረች።

«የቀዳዳው ልክ ስንት ነበር?»

ማስተዋል ሜትሯን እየዘረጋች ሄደች። አስራ አንዱ ቅጽ ሳይፈረም ብብቷ ሥር ነበር።