ዘንድሮ የማልሠራው ስህተት

በየዓመቱ ሠልጣኞቼ ለተግባር ልምምድ ወደ ፋብሪካና ወደ ስፌት ቤት ከመውጣታቸው በፊት አንድ ቅጽ ይሞላሉ። «የግል ግብና የዕድገት ዕቅድ» ይባላል። አስተባባሪያችን ቅጾቹን ከቢሮ ሲያመጣልኝ አራስ ልጅ የታቀፈ ነው የሚመስለው። እኔ ግን እውነቱን ልናገርና፣ ልብስ ስፌት ባስተማርኩበት ሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ወድጄው አላውቅም። ምን እንደሚጻፍበት ሳላነበውም አውቀዋለኋ! «ታዋቂ ዲዛይነር ሆኜ ኅብረተሰቡን ማገልገል።» አንዱ ይጽፋል፣ የቀረው ክፍል ይገለብጣል። ቁልፍ ተክሎ የማያውቅ ልጅ ታዋቂ ልሆን ነው ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

ቁጡ ነኝ፤ አልደብቅም። ልጆቹ ዞር ስል «ካውያ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እነሱ የማላውቅ ይመስላቸዋል፤ እኔም እንዲመስላቸው እተዋለሁ።

ዘንድሮ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ፣ ቅጾቹን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ማንበብ ጀመርኩ። የመጀመሪያው የሜትሮ ነበር። ሜትሮ ቁመቱ በር የሚያስጎነብሰው፣ አፉ ደግሞ ከቁመቱ የሚበልጥ ልጅ ነው። እንዲህ ይላል፦ «አምና የሠራሁት፣ ዘንድሮ የማልሠራው ስህተት፦ ልክ ስወስድ ደንበኛዋ እንዳታፍር ብዬ ሜትሩን አላላው ነበር። የሰፋሁት ሁሉ ድንኳን ሆነ። አሁን አስፈቅጄ አጥብቄ እይዛለሁ። እስካሁን የምሠራው ስህተት፦ ሰው ሲያወራኝ የለካሁትን ቁጥር እረሳለሁ። ግቤ፦ መጀመሪያ መጻፍ፣ ቀጥሎ ማውራት።»

መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁና ደግሜ አነበብኩት። ይህ ልጅ ይህን ያህል ራሱን ያውቃል? ቀጥሎ ያነሣሁት በዓመት ሦስት ቃል የማትናገር የአንዲት ልጅ ቅጽ ነበር። ዚፕ ስትገጥም በእጇ ጠቀም ጠቀም ሳታደርግ በቀጥታ የስፌት መኪና ላይ ታወጣው እንደነበር ትናገራለች። ችኩል ስለሆነች እንዳይመስላችሁ፤ ሌሎቹ ቀድመዋት ሲጨርሱ ማየት ስለምትፈራ ነው። ሌላው ደግሞ መርፌ ሲሰበርበት ደብቆ ይጥል እንደነበር፣ ዘንድሮ ግን እንደሚናገር ጽፏል። ስንት መርፌ እንደጠፋብኝ ትዝ ሲለኝ ብልጭ አለብኝ፤ ወዲያው ደግሞ ብቻዬን ሳቅሁ።

ስምንተኛው ላይ ስደርስ ነቃሁ። እጅ ጽሑፉ የየራሳቸው ነው፤ ስህተቱም የየራሳቸው ነው። አጀማመሩ ግን የሁሉም አንድ ነው፤ «አምና የሠራሁት፣ ዘንድሮ የማልሠራው ስህተት»። ቆጠርኳቸው። ሃያ ስድስት ናቸው። ክፍሌ ውስጥ ያሉት ሃያ ሰባት ናቸው።

ዓርብ ጠዋት ሜትሮን ወደ ኮሪደር ጠራሁት። ገና ስሙን ስጠራ ሁሉንም ነገር ሊናዘዝ ተዘጋጅቶ ነበር። እሱን መመርመር አያስፈልግም፤ ዝም ብሎ መቆም ብቻ ነው።

«አክስቴ ናት ቲቸር» አለኝ።

አክስት የምትባለው የማንም አክስት አይደለችም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መስኮቱ ሥር ካለው የመጨረሻው የስፌት መኪና ኋላ ትቀመጣለች። የተጣላ በእሷ ይታረቃል፣ ክር ያለቀበት ከእሷ ይበደራል፣ ከእናቱ ጋር የተኳረፈ ለእሷ ያዋያል፤ በዕድሜ የሚበልጧት ወንዶች ሳይቀሩ «አክስቴ» ይሏታል። ክፍሉን ስትማር ዘንድሮ ሁለተኛ ጊዜዋ ነው። አምና አንድ ኮት አበላሽታ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ጥላን ሄዳ ነበር።

ሜትሮ እንደነገረኝ፣ ደረጃው ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ በአንድ እያስቀመጠች ሁለት ጥያቄ ብቻ ትጠይቃቸዋለች። አምና ሠርተኸው ዘንድሮ የማትሠራው ስህተት የቱ ነው? እስካሁን የምትሠራውስ? የመጀመሪያው ማደግህን ያሳይሃል፣ ሁለተኛው ግብህ ነው ትላቸዋለች። «አላውቅም» ያለ ሰው እስኪያውቅ ድረስ ከወንበሩ አይነሣም። የተናገሩትን እሷ በወረቀት ትይዝና ቅጹ ላይ በእጃቸው እንዲገለብጡት ትሰጣቸዋለች። ስለዚህ ማጭበርበር አይደለም ቲቸር፣ አለኝ ሜትሮ፤ ቃሉ የኛው ነው፣ እሷ ያወጣችልን ብቻ ነው።

«የራሷስ የታለ?» አልኩት።

ሜትሮ ጫማውን ማየት ጀመረ። እነሱም ጠይቀዋት ነበር። «እኔ አምና ጽፌአለሁ» ብላ ዘጋቻቸው አለኝ።

ያኔ አስታወስኩ። አምና ይኸው ቅጽ ሲሞላ ከሁሉም የሷ በልጦብኝ ነበር። «በሁለት ዓመት ውስጥ የራሴን ሱቅ ከፍቼ ስምንት ሠራተኛ እቀጥራለሁ» ይላል። ኪራዩን፣ የመኪናዎቹን ብዛት፣ የሱቁን በር ቀለም ሳይቀር ጽፋ ነበር። እኔም ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ክፍሉ ፊት አስነበብኳት፤ ከዚያም ወረቀቱን ከመቁረጫው ጠረጴዛ በላይ ግድግዳው ላይ በአራት ስፒል ሰቀልኩት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወረቀቱን አሳያለሁ፣ ቀጥሎ እሷን አሳያለሁ። ኮቱ ተበላሽቶ ከሄደች በኋላ፣ ክፍሉ ቀለም ሲቀባ፣ ወረቀቱን አውርጄ ምን እንዳደረግሁት እንኳን አላስታውስም።

የቅጽ ማስገቢያው ያን ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። ቅጽ ያላስገባ ለልምምድ አይመደብም፤ ልምምድ ያልወጣ አይመረቅም። ትምህርት ቤቱ ደግሞ አንድን ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ አይመዘግብም። አክስት ይህን ሁሉ ከእኔ በተሻለ ታውቃለች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው። ቀኑን ሙሉ እሷን እያየሁ ተብሰለሰልኩ፤ ልጆቹ የሰፉትን ሁሉ እያነሣሁ ስፌቱን ፈታሁት። ያን ቀን ማንም በደህና አልወጣም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጆቹን አሰናብቼ እሷን አስቀረኋት። ብጥስጣሽ ጨርቅ እየጠረገች ነበር። መጥረጊያውን እንድታስቀምጥ ነግሬ፣ ባዶ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ አኑሬ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ሃያ ስድስቱን ቅጾች ማንበቤን፣ ማን እንዳስጻፋቸው ማወቄን፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ እንደዚያ ያለ ቅጽ አንብቤ እንደማላውቅ ነገርኳት። አንገቷን ደፋች። የምቀጣት መስሏታል።

«አሁን ያንቺን ንገሪኝ» አልኳት። «አምና ሠርተሽው ዘንድሮ የማትሠሪው ስህተት የቱ ነው?»

«የለኝም ቲቸር። ያው የአምናዋ ነኝ።»

«ኮቱስ?»

ኮቱ የከፋይ ነበር። ከፋይ ጠጉር ያለው ጨርቅ ነው፤ ጠጉሩ ወደ አንድ በኩል ስለሚተኛ ከላይ ስታየውና ከታች ስታየው ቀለሙ ይለያያል። ስለዚህ ቁራጮቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ መቆረጥ አለባቸው። እሷ ጨርቅ ለመቆጠብ ብላ የግራውን ደረት ገልብጣ ቆረጠችው። ኮቱ ተሰፍቶ ሲያልቅ ግራና ቀኙ የሁለት ሰው ልብስ መሰለ። ያዘዘችው ደንበኛ ለልጇ ምርቃት ልትለብሰው ነበር። እኔ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ ግዴለሽ አልኳት። ሌላም ሌላም አልኳት።

«ከመቁረጤ በፊት ልክ አለመሆኑ ገብቶኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ጨርቁን ስዳብሰው እጄ ላይ ሌላ ሆኖብኝ ነበር። ምኑ እንደሆነ ግን አላወቅኩም።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም? እዚሁ አጠገብሽ እኮ ነበርኩ።»

ቀና ብላ ከጠረጴዛው በላይ ያለውን ግድግዳ አየች። አሁን ባዶ ነው።

«እዚያ ላይ እኮ ባለሱቅ ነበርኩ ቲቸር። ስምንት ሠራተኛ አለኝ። እንዴት ብዬ ልጠይቅ?»

ያን ወረቀት የሰቀልኩት ስለምወዳት ነበር። ሳደንቃት አፏን እንደዘጋሁባት፣ ክፍሉ ውስጥ አላውቅም ማለት የማትችል ብቸኛ ልጅ እንዳደረግኋት አንድ ዓመት ሙሉ አልታየኝም። ይህን ሳስብ ዕንባዬ መጣ፤ አልሸሸግሁትም።

«እኔ ልጀምርልሽ» አልኳት። «አምና የሠራሁት፣ ዘንድሮ የማልሠራው ስህተት፦ የልጅን ሕልም ገና ለእሷም ሳይጠናላት ለእንግዳ ማሳያ አደረግሁት።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ያቺ አክስት ከውስጧ ብቅ አለች። «እስካሁን የሚሠሩትስ?» አለችኝ፣ ጥያቄ ላለማስቀረት።

«እቆጣለሁ።»

«እሱን እናውቃለን» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። አፍንጫችንን ጠረግን። ከዚያ ቅጹን ወደ ራሷ ሳበችው።

ስትጽፍ ተነሥቼ መስኮት ስዘጋ፣ መኪና ስሸፍን ቆየሁ፤ አጠገቧ ከተቀመጥኩ እንደማላስጽፋት ራሴን አውቃለሁ። ደጋግማ ሰረዘች። አንድ ቅጽ ቀደደችና ሌላ ሰጠኋት። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲል ዘረጋችልኝ። «አምና የሠራሁት ስህተት፦ የማላውቀውን እንደማውቅ ሆኜ ቆረጥኩ። ዘንድሮ ሳላውቅ መቀስ አላነሣም። እስካሁን የምሠራው ስህተት፦ መጠየቅ አፍራለሁ። ግቤ፦ በልምምዱ ሦስት ወር፣ በየሳምንቱ ቢያንስ አምስት ነገር መጠየቅ። የጠየቅሁትንና የተመለሰልኝን በደብተር እይዛለሁ።»

«ሱቁስ?» አልኳት።

«ሱቁ አለ ቲቸር። ለጊዜው ሆዴ ውስጥ ይቀመጥ።»

እየተጣደፍን ቢሮ ስንደርስ አስተባባሪው መሳቢያውን ሊቆልፍ ቁልፉን በእጁ ይዞ ነበር። ጥሩ ልጅ ነው፤ ቅጽ ብቻ ይወዳል። ቆሞ አነበበና አንገቱን ነቀነቀ። ግቡ ትንሽ አነስ አላለም ወይ፣ አለኝ በትሕትና፤ የወጣቶች ዕቅድ ሩቅ የሚያይ ቢሆን ይመረጣል አለኝ። ትንሽ መቆጣት ነበረብኝ፤ ተቆጣሁም። አንተ እስከ ዛሬ አፍረህ ያልጠየቅኸውን አንድ ነገር አሁን እዚህ ቆመህ ጠይቀኝና ማነሱን እንይ አልኩት። አሰበ፤ አሁንም አሰበ። ከዚያ ማኅተሙን አወጣና መታላት። አክስት ማኅተሙ እስኪደርቅ ወረቀቱን ስታይ ቆየች፤ ተመድባለች።

ወደ ክፍል ስንመለስ ቦርሳዋን ካነሣች በኋላ አልወጣችም። በሩ ላይ ቆማ የቦርሳዋን ማንገቻ ትጠመዝዛለች።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«ከፋይ ጠጉሩ ወዴት እንደተኛ እንዴት ነው የሚታወቀው? እስካሁን አላውቀውም።»

ኮቱን ካበላሸች አንድ ዓመት ሊሞላት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጥፋቷን እንጂ መፍትሔውን የነገራት የለም፤ የነገራት ቢኖር እኔ መሆን ነበረብኝ።

ከቁምሳጥኑ ቁራጭ ከፋይ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። መዳፏን ይዤ ጨርቁ ላይ ወደ ታች ወሰድኩት፤ ለሰለሰ። ወደ ላይ መለስኩት፤ ሻከረ። የሚለሰልስበት ወደዚህ ነው አልኳት፤ በጀርባው በጠመኔ ቀስት አድርጊበት፤ ከዚያ ቁራጩ ሁሉ ቀስቱን ይከተል። እሷ ብቻዋን ሞከረች። ዓይኗን ጨፍና ደግማ ሞከረች፤ ጠመኔውን ተቀብላኝ ቀስቱን ራሷ ሠራች። ትክክል ነበር።

ሁለት ደቂቃ አልፈጀብንም። አምና ስቆጣት አንድ ሰዓት ፈጅቶብኝ ነበር።