በደቂቃ አርባ ሁለት ትንፋሽ

ያን ሰሞን ናዝሬት የገባው ጉንፋን አፍንጫ አርጥቦ የሚሄድ ዓይነት አልነበረም። ሰውን አልጋ ላይ ጥሎ በሦስተኛው ቀን ሳምባው ላይ ይወጣል። ከገበያው ጀርባ ያለው ጤና ጣቢያ ስድስት አልጋና አንድ የኦክስጂን ሲሊንደር ብቻ ነበረው። ማን እንደሚተኛ፣ ማን ወደ ቤቱ እንደሚመለስ በሩ ላይ ቆመው የሚወስኑት ኃላፊው አቶ ገሠሠ ነበሩ። የሚወስኑትም በዓይናቸው ነው። ጉንጩ የጎደጎደ፣ አንገቱ የቀጠነ ይተኛል። ወፈር ያለው አስፕሪን ይዞ ይሄዳል። «ሥጋ ያለው ሰው ስንቅ አለው፤ በሽታው ስንቁን በልቶ እስኪጨርስ ይድናል» ይላሉ። ተሰላፊውም ራሱን ይነቀንቃል፤ አገሩ ሁሉ የሚያምነው ይህንኑ ነበርና።

ነርስ ዘርፉ ግን ራሷን አትነቀንቅም። ሰዓቷን ይዛ የእያንዳንዱን በሽተኛ ትንፋሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትቆጥርና በደብተሯ ትጽፋለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሞቱት አምስት ሰዎች አራቱ ወፍራሞች ነበሩ። ከአራቱ ሦስቱን ከበር የመለሷቸው ራሳቸው አቶ ገሠሠ ናቸው። ይህን ብታሳያቸው «ደብተር ይዞ መዞር ሐኪም አያደርግም» ብለዋት አለፉ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ከመቂ የመጣ የሽንኩርት መኪና በሩ ላይ ቆመ። ዲንቄ የምትባል ሴት እህቷን እልፍነሽን ደግፋ ከጋቢናው አወረደቻት። እልፍነሽ ነጋዴ ናት፤ በር በጎን የምታልፍ፣ በውፍረቷም የምትኮራ።

«አካም፣ ሰዎች» አለች እያለከለከች። «እኔ... ደህና ነኝ። እሷ ናት... የፈራችው።»

አቶ ገሠሠ ከላይ እስከ ታች አይተዋት ፈገግ አሉ። «አንቺን እንኳን ጉንፋን፣ የመጣሽበት መኪናም አይጥልሽም። አስፕሪን ስጧት።»

«ምን... አልኩሽ» አለቻት እልፍነሽ እህቷን። ከንፈሯ ግን ወደ ሰማያዊ ሄዶ ነበር።

ዘርፉ ሰዓቷን ይዛ ደቂቃው እስኪሞላ ጠበቀች። «አርባ ሁለት» አለች። «ይህች ሴት ትተኛለች። ኦክስጂኑም ለእሷ ነው።»

«ኦክስጂኑ ተይዟል።»

«ማን እንደያዘው አውቃለሁ።»

የያዘው ነጋሳ የሚባል ቀጭን የአብዮት ጥበቃ ጓድ አባል ነበር። ጠዋት ስትቆጥረው እንደ ጤነኛ ሰው አሥራ ስምንት ነበር የሚተነፍሰው፤ ቁርሱንም ጥርግ አድርጎ በልቷል።

አቶ ገሠሠ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከጭቁኑ ነቅለሽ ለቡርዧ ልትሰጪ ነው? ስብሰባ ላይ ሲጠይቁሽ ምን ትያለሽ?»

ዘርፉ ደሟ ፈላ። «ሳምባ መደብ የለውም፣ አቶ ገሠሠ። ስንቅ ያሉት ሥጋ ደረቷን ተጭኗታል፤ ሆዷም ከታች ይገፋታል። ጤነኛ ሳለች ትችለዋለች። ሳምባዋ ሲታመም ግን ያን ሁሉ እያነሳች ነው የምትተነፍሰው። እርስዎ ጉንጭ አዩ፣ እኔ ትንፋሽ ቆጠርኩ። ስብሰባው ከፈለገኝ ያለሁበትን ያውቃል።»

መልስ ሳትጠብቅ ወደ ነጋሳ አልጋ ሄደች።

«ውሰጂው» አለ ነጋሳ። «አፍንጫዬን አድርቆታል። ጠመንጃዬን ብቻ እንዳትነኪ።»

ስትመለስ ዲንቄ እህቷን በጀርባዋ አስተኝታ ጋቢ ደርባባት ነበር። እልፍነሽ ዓይኗ ተገልብጧል። «ቀና አድርጓት» አለች ዘርፉ፤ ሁለት ሆነው አስቀመጧት፤ ጠረጴዛ ላይ ትራስ ደራርበው ወደፊት አስደገፏት፤ ኦክስጂኑን ሰጧት።

እልፍነሽ ትንሽ ቆይታ «እንደ ጆንያ... አስደገፍሽኝ» አለች።

«ጆንያ እንዲህ አያወራም፣ እትዬ እልፍነሽ። ዝም ብለው ይተንፍሱ።»

በስድስት ሰዓት ትንፋሿ ወደ ሠላሳ ዘጠኝ ወረደ፤ በአሥር ሰዓት ወደ ሠላሳ ሦስት። ቅዳሜ ወደ ሃያ ሁለት ሲወርድ እልፍነሽ ሾርባ ጠየቀች። «ክሺ ካልሽኝ እንጣላለን» አለቻት ዘርፉን።

«መክሳቱን እርስዎ ያውቃሉ። በሥጋዎ ተማምነው ሦስት ቀን ቤት መቀመጥዎን ግን አልምርዎትም።»

ሰኞ አቶ ገሠሠ ቢሯቸው ጠርተው የክስ ደብዳቤ አቀበሏት። ነርስ ዘርፉ ያለ ትእዛዝ ኦክስጂን ከጓድ ነጋሳ ነቅላ ለነጋዴ ሰጥታለች ይላል። ዘርፉ ቆማ አነበበችው።

«እውነት ነው፤ እፈርማለሁ» አለች። «ግን ጎዶሎ ነው። ነጋሳ አሥራ ስምንት፣ እልፍነሽ አርባ ሁለት ብለው ይጨምሩበት። ስሜንም ጎላ አድርገው ይጻፉት።»

አቶ ገሠሠ ብዕራቸውን አንስተው ሁለቱን ቁጥሮች ጻፉ። ከዚያ ደብዳቤውን ከላይ ጀምረው አነበቡት፤ አሁን ማንን እንደሚከስ ለማንም ግልጽ ነበር። መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

በሩ ላይ ከሞጆ የመጣ አንድ ቦርጫም ሾፌር እያሳለ ቆሟል። አቶ ገሠሠ ወጥተው ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ የኮታቸውን እጅጌ ሰብስበው ሰዓታቸው ላይ አቀረቀሩ፤ ከንፈራቸውም ይንቀሳቀስ ጀመር። ዘርፉ አጠገባቸው ቀጥ ብላ ቆማ፣ አንድም ትንፋሽ እንዳይዘሉ አብራቸው ቆጠረች።