አንድ ቁጥር የያዘ ሰው

ባህረዲን መርካቶ ውስጥ ባለው የብርድ ልብስና የአንሶላ ሱቁ ወረፋ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ጮክ ብሎ የጠራ ይስተናገዳል፤ ክርኑ የጠነከረ ባንኮኒው ጋ ይደርሳል። ልጁ ማሂራ የወረፋ ቁጥር የሚሰጥ ማሽን ገዝታ በሩ ላይ የሰቀለችው አረፋ ሲቃረብ ነው።

«ቅዳሜ ይሞከር» አላት። «እስከ እኩለ ቀኑ የዙህር ሶላት ሱቄ በር ላይ ጠብ ካልተነሳ፣ ዱባይ ተራ የምንከፍተውን ሱቅ አንቺ ትይዥዋለሽ። ከተነሳ ሀምዳን ይይዘዋል።»

ሀምዳን የወንድሙ ልጅ ነው። መደርደሪያው ጋ መሰላል ላይ ሆኖ ፈገግ አለ። የዱባይ ተራውን ሱቅ በልቡ ቀለም ቀብቶ ጨርሷል።

ባህረዲን የማያፈርሰው አንድ ደንብ አለው፤ የዕለቱ የመጀመሪያ ደንበኛ ባዶ እጁን አይወጣም። ከወጣ የቀኑ ገበያ አብሮት ይወጣል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ደንበኛ ዋጋው እስከሚወርድበት ድረስ ይወርዳል። መርካቶም ይህን ያውቃል።

ቅዳሜ አንድ ቁጥር የደረሳቸው ከራጉኤል ኪዳን አድርሰው የመጡት እትዬ የሻሽወርቅ ነበሩ። ወፍራሙን ብርድ ልብስ በስሱ ዋጋ ይዘው ወጡ። ከእሳቸው በኋላ ሰው በየቁጥሩ ገባ፤ ማንም ማንንም አልገፋም። ማሂራ መተንፈስ ጀመረች።

መብራት ጠፋ። ሲመለስ ማሽኑ የቆጠረውን ሁሉ ረስቶ ከአንድ ጀመረ። የቡታጅራው ቸርቻሪ ፉርቃን አዲስ የወጣለትን ወረቀት ባንኮኒው ላይ ዘረጋ።

«ጋሼ ባህረዲን፣ አንድ ቁጥር ነኝ።»

«አንድ ቁጥርማ ገዝተው ሄዱ።»

«ወረቀቱ እንዲህ ይላል። ልመለስ?»

ባህረዲን ወረቀቱን አየ። አንድ ቁጥር የያዘ ሰው ባዶ እጁን ሲመለስ ታየው። በመጨረሻው ዋጋ ሸጠለት።

ወሬው ፉርቃንን ቀድሞ ተራውን አዳረሰ። ከዚያ በኋላ ቁጥር የሚወስድ ጠፋ። ደንበኛው ሁሉ ማሽኑን ከቦ፣ አንገቱን አቅንቶ አምፖሉን ያይ ጀመር።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሆኖ ነው የማይጠፋው?» አለች አንዲት ሴት።

ጠፋ። እልል ተባለ። ሲመለስ ሦስት እጆች አንድ ወረቀት ያዙ።

«ልቀቅ አንተ! እኔ ከፈጅር ጀምሮ እዚህ ነኝ» አለ አንድ ጎልማሳ።

«ፈጅርን አምፖል ስር ነው የሰገድከው?» አለው ሌላው። ወዲያው ወረቀቱን የያዘችውን ሦስተኛዋን ሴት አየ። «እትዬ፣ እርስዎ ደግሞ ጠዋት ገዝተው የለ?»

«ጠዋት ገዛሁ» አሉ እትዬ የሻሽወርቅ፣ ብርድ ልብሳቸውን እንዳቀፉ። «አሁን አዲስ ሰው ነኝ።»

ክርኖች ተነሱ። ሀምዳን ሰዓቱን አየ፤ ዙህር አልደረሰም። ማሂራ ከባንኮኒው ወጥታ ወረቀቱን ከሦስቱ እጅ ፈልቅቃ ወሰደችና አባቷ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«መብራት በተመለሰ ጊዜ ሁሉ አንድ ቁጥር የባለ ሱቁ ነው» አለች። «ከሁለት ጀምሮ የእናንተ።»

 ቀድመው የመለሱት እትዬ የሻሽወርቅ ናቸው።

«እንግዲያው ይግዛ! ቁጥር የያዘ ይገዛል!»

«ይግዛ!» አለ ሰዉ።

ባህረዲን ባንኮኒውን ዞሮ ከገዢዎች በኩል ቆመ። እዚያ ሲቆም ሌላ ሰው ሆነ። አንድ ፎጣ አነሳ፤ ጫፉን አሸት አሸት አደረገ፤ ወደ ብርሃን ዘርግቶ አየው።

«እህቴ፣ የመጨረሻው ስንት ነው?» አላት ወደ ባንኮኒው የተመለሰችውን ማሂራን።

«የተለጠፈው ነው፣ ጋሼ።»

«ማን ነው የለጠፈው?»

«እርስዎ።»

«ሰውየው አላህን አይፈራም። በግማሹ አድርጊው።»

«ግማሽ ፎጣ የለንም።»

«ስስ ነው። አንዴ ቢታጠብ መሀረብ ይሆናል።»

«ሲያስመጡት እንዲህ አላሉም።»

«እሄዳለሁ!»

ሲስቅ የቆየው ሰው ሳቁን አቋረጠ። ለእሱ በግማሽ ብትሸጥ፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ግማሽ ሊጠይቅ ነው። ባትሸጥ ደንቡ ሊፈርስ ነው።

«በምትችዪው ሽጪለት!» አላት ሀምዳን ከመሰላሉ ላይ፤ እሱ እንኳ ፈርቷል።

«እንደ ፈቀዱ፣ ጋሼ» አለች ማሂራ።

ባህረዲን ፎጣውን አስቀምጦ ወጣ። ደጃፉ ላይ እርምጃው ዘገየ፤ ሻጭ የሚሄደውን ገዢ «ና፣ ውሰድ» ብሎ የሚጠራው እዚህ ላይ ነው። ማሂራ አልጠራችም። አንድ እግሩን መንገድ ላይ፣ አንዱን ሱቁ ውስጥ አድርጎ ቆመ። ነገሩ የተገለጠለት ያኔ ነው። ባዶ እጁን የሚወጣው የመጀመሪያ ደንበኛ እሱ ነው፤ ገበያው የሚወጣበትም ሱቅ የእሱ ነው።

«አስተግፊሩላህ!»

ተመልሶ ገባ። የተለጠፈውን ዋጋ ከፈለ።

«ሁለት ቁጥር!» ስትል ማሂራ፣ የሚከራከር አልነበረም። ለአባቷ ያልቀነሰች ለማን ትቀንሳለች? እትዬ የሻሽወርቅ ሳይቀሩ ቁጥር ወስደው ተራቸውን ጠበቁ። ከአንዋር መስጊድ የዙህር አዛን ሲሰማ ሰልፉ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ነበር።

ባህረዲን ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ለሶላት ሲወጣ ልጁ አጠገብ ቆም አለ።

«ዱባይ ተራውን አንቺ ያዥው» አላት። «እኔን ግን እዚያ ይገዛል ብለሽ አትጠብቂ። ውድ ነሽ።»