ለሁሉም ሠርግ የሚሆን ንግግር

ደራሲው ሦስት ልብ ወለድ አሳትሟል። ሦስቱም ሳይሸጡ አልጋው ሥር ተከምረዋል። የአልጋው አንድ እግር የተሰበረ ጊዜ በሁለተኛው መጽሐፍ ቁልል ደግፎት ነበርና፣ ሚስቱ "ይሄኛው እንኳ ቤት አቁሟል" ትለዋለች። እሷ ልብስ ሰፊ ናት። ቤቱ የሚኖረው በእሷ መርፌ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሬዲዮ ላይ አንድ ሰው፣ "አንድ ጊዜ ሥሩ፤ ከዚያ እናንተ ተኝታችሁም ገንዘቡ ይመጣል" ሲል ሰማ። ብድግ ብሎ ሚስቱ ወደምትሰፋበት ክፍል ሄደ።

"አንድ ጊዜ ጽፌ ዕድሜ ልኬን የምበላበት መላ አገኘሁ" አላት።

"ሦስት ጊዜ ጽፈህስ ምን በላህ?"

"ይሄ ሌላ ነው። እኔ ተኝቼ ገቢው ይገባል።"

"ላም አለኝ በሰማይ" አለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። "መተኛቱን ከሆነማ ልምዱ አለህ።"

ሳምንት ሙሉ አሰበ። የሠርግ ሰሞን በደረሰ ቁጥር ቀኑን ሙሉ መዶሻ ጨብጠው የሚውሉ አባቶች "እባክህ ሁለት መስመር ጻፍልኝ" እያሉ በሩን ያንኳኩ ነበር። ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን አንድ ገጽ ጻፈ። ስም የሚገባበትን ቦታ ባዶ ተወው። መሐል ላይ፣ "ትዳር ሁለት ሰው የሚቀዝፈው ጀልባ ነው፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀዝፋል" የሚል አገባ። ከሥሩ ደግሞ በቅንፍ "እዚህ ላይ ዝም ብለው እንባዎን ይጥረጉ" ብሎ ጨመረበት።

ወረቀቱን ወስዶ መንገዱ ጥግ ላይ ፎቶ ኮፒ ለምታነሳው ሴትዮ ሰጣት። ሰፈሩ እትዬ ቅጂ ይላታል። ከእያንዳንዱ ቅጂ እኩል ሊካፈሉ ተስማሙ።

ወረቀቱ እንደ ትኩስ ዳቦ ተቸበቸበ። ደራሲው በቀን አልጋው ላይ ጋደም ማለት ጀመረ፤ ሚስቱ "ምን እያደረግህ ነው?" ስትለው "ሥራ ላይ ነኝ" ይላታል። ችግሩ የሚያስተኛው መጥፋቱ ነበር። አንድ ሾፌር መጥቶ "እንባው ቦታው ላይ አልመጣልኝም፤ ምን ላድርግ?" አለው። አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ደግሞ፣ "ልጄ ውሃ ይፈራል፤ ጀልባውን በአውቶቡስ ቀይርልኝ" አለችው። በአንድ ከሰዓት ስምንት ጊዜ ከአልጋ ወረደ።

በዚህ መሐል የሚስቱ ወንድም ልጅ ሠርግ ደረሰ። የሙሽሪት አባት፣ ማለትም የሚስቱ ወንድም፣ የከባድ መኪና መካኒክ ነው፤ እጁ ቢታጠብም ቢታጠብም ዘይት ዘይት ይላል። ንግግሩን ከደረቱ ኪስ አውጥቶ ቆመ። ገና በመጀመሪያው መስመር የደራሲው ሚስት ባሏን በጎን አየችው።

"እኔ አልሰጠሁትም" አለ በሹክሹክታ።

መካኒኩ እያንዳንዷን ቃል እንደ ብሎን እያጠበቀ አነበበ። ጀልባው ላይ ደረሰ። ድምፁን ሳይቀይርም፣ "እዚህ ላይ ዝም ብለው እንባዎን ይጥረጉ" ብሎ ቀጠለ። ፊት ለፊት የተቀመጡት አክስቶች ታዘዙና እንባቸውን ጠረጉ። ጭብጨባው ቀለጠ።

የሙሽራው አባት ጥርስ ሐኪም ናቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን በር ላይ ዘግይተው የመጡ እንግዶችን እየተቀበሉ ስለነበር አንዲት ቃል አልሰሙም። ገብተው መነጽራቸውን አጠለቁና ወረቀታቸውን ዘረጉ። ሁለተኛው መስመር ላይ ሙሽሪት አፏን በእጇ ያዘች። "ትዳር ሁለት ሰው የሚቀዝፈው..." ሲሉ የኋላው ወንበር በአንድ ድምፅ "ጀልባ ነው" አለላቸው። ሐኪሙ ሕዝቡ ስለወደዳቸው መስሏቸው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኑ። እንባው ቦታ ሳይደርሱ አዳራሹ ሙሉ መሐረብ አወጣ።

አንድ ሽማግሌ ከደራሲው ጀርባ፣ "የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ" አሉ።

ሦስተኛው ተናጋሪ የሙሽራው አለቃ ነበር። ተነሣ። ወረቀቱን ገለጠ፣ አየው፣ መልሶ አጠፈው።

"እኔም እንደዚሁ" ብሎ ተቀመጠ።

የዕለቱ ትልቁ ጭብጨባ የእሱ ሆነ። ሙሽሪት ሳቅ አሸንፏት ባሏ ትከሻ ላይ ተደፋች።

ደራሲው በጎን ሹልክ ሊል ሲል መካኒኩ በሩ ላይ ያዘው።

"አማቼ፣ እኔ እኮ ለእኔ ብቻ የተጻፈ መስሎኝ ነበር።"

"ወንድም ጋሼ፣ ከእትዬ ቅጂ ገዝተውት እንዴት ለእርስዎ ብቻ ይሆናል?"

"የልጄ ስም ነበረበታ።"

"ስሟን የጻፉት እርስዎ ነዎት።"

"እሱስ እውነትህን ነው" አለ መካኒኩ። "ግን ሐኪሙ ከእኔ አሳምሮ አነበበው፤ እሱ ነው ያናደደኝ።"

በማግስቱ እትዬ ቅጂ ጠራችው። ሱቁ ደጃፍ ሰው ተሰልፏል። ደራሲው ገንዘባችንን መልስ ሊሉኝ ነው ብሎ ፈራ። ሰልፈኞቹ የሚፈልጉት ግን ሌላ ነበር፦ ማንም ያልሰማው፣ ለእነሱ ብቻ የሚጻፍ ንግግር። ዋጋውንም እጥፍ እንከፍላለን አሉ። እትዬ ቅጂ በማሽኑ አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ አስገባችለት፤ እሱም ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው መዋል ጀመረ።

"ተኝቶ የሚገኘውስ?" አለችው ሚስቱ አንድ ምሽት፣ ራቱን እየጎረሰ እንቅልፍ ሲጥለው አይታ።

"ቀረ" አላት። "ለእሱ ጊዜ የለኝም።"

ባለፈው ሰኞ አንዲት የቢሮ ጸሐፊ መጣች። አለቃዋ ጡረታ ሊወጣ ነው፤ የስንብት ንግግር የምታደርገው ደግሞ እሷ ናት።

"ሰምና ወርቅ ይሁንልኝ" አለችው። "እሱ ሰምቶ ደስ ብሎት ይሂድ፤ እኛም ገብቶን ደስ ይበለን።"

"ምን ዓይነት ሰው ነው?"

ሴትዮዋ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ወንበሩን ሳበች።

"ከየት ልጀምርልህ?" አለች፤ ደራሲውም እጅጌውን ሰብስቦ አዲስ ወረቀት አወጣ።